ልቀቅ

አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ሲስቅ አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። በሩ ደረጃ ላይ የቆመው መካኒክ ነው። በጨርቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል፤ ጣቶቹ ግን ንጹሕ ነበሩ።

ያሳቃቸው አሰልጣኙ ነበር። ከሾፌሩ ጀርባ በተሰቀለው ስክሪን ላይ መጨረሻው ላይ የሚፈተለኩ ሁለት ስፕሪንተሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የዛሬውን የብስክሌት ውድድር ሲያስረዳ ቆይቷል። በአንድ በኩል የባላጋራው ቡድን ሰው፣ በትከሻው ስፋት «በሬው» የሚሉት፤ በሌላ በኩል የራሳቸው «ድመቱ»፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጀርባ አድፍጦ ውሎ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚዘለው።

«በሬው ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረው ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም» አለ አሰልጣኙ። «ድመቱ ያለው ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበት ለጉልበት አንገጥምም። ነፋሱ ከግራ ነው። እኛ የቀኙን አጥር ይዘን እንሄዳለን፤ ማለፍ የፈለገ በግራ ይምጣ፣ ነፋሱን ይጠጣ።» ከዚያ ወደ ድመቱ ዞረ። «ጉልበት የለህም ማለቴ አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት የጉልበት ፈተናው ላይ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ዋት ያሳየኸኝ አንተው ነህ። ያን ቁጥር የት እንደደበቅከው ግን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም!»

ቀልዱ አርጅቷል፤ ግን ሁሌም ያስቃል። ድመቱ ራሱ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሳቀ። ከጎኑ የተቀመጠው በር ከፋቹም ሳቀ።

በር ከፋች የሚለው ስም ቅጽል ቢሆንም ሥራውም እሱው ነው። ድመቱን ከጎማው ኋላ አስጠግቶ ነፋሱን በደረቱ እየቀደደ ይወስደዋል። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ከኋላው «ልቀቅ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ ወደ ጎን ዘወር ይላል፤ በሩ ይከፈታል፤ ድመቱ ይገባል። ፎቶ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው። በስድስት ዓመት ሃምሳ ሦስት ጊዜ እንዲህ አሸንፈዋል፤ አሸንፈዋል ከተባለ። ዛሬ ግን የበር ከፋቹ የመጨረሻ ቀን ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ቡድኑም ውሉን አላደሰለትም። አሰልጣኙ ሲያሰናብተው አዝኖ ነበር፤ «ምን ላድርግ፣ ቁጥሩ ነው» ብሎት ነበር።

ከስብሰባው በኋላ መካኒኩ ከአውቶቡሱ ጀርባ ጠራው። ብስክሌቶቹ ተደርድረው ቆመዋል። መካኒኩ የታላቅ እህቱ ባል ነው፤ ወደ ቡድኑ ያስገባውም በር ከፋቹ ራሱ «እጁ ወርቅ ነው፣ ዋሱ እኔ» ብሎ ነበር።

«ምን ሆነሃል ጋሼ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማውን ነካ ነካ አደረገ። አሁን ነፍቶ የጨረሰውን ጎማ።

«ያ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ» አለ። «የሱ አይደለም ዋርሳዬ። ያንተ ነው።»

በር ከፋቹ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ሳቁ ግን ከአፉ ሳይወጣ ደረቀ፤ ሰውዬው ቀና ማለት አቅቶታል።

«የፈተናው ቀን ጠዋት ብስክሌት ሳጥብ የሁለታችሁን ፔዳል ፈታሁ። ስመልስ አቀያየርኩት። ጉልበቱን የሚለካው ፔዳሉ ነው፤ ቁጥሩን በአየር ይልካል፣ ብስክሌቱ ላይ ያለው ስክሪን ደግሞ የድሮ ፔዳሉን ነው የሚሰማው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ነበራችሁ። አንተ ስትረግጥ የሱ ስክሪን ላይ ወጣ፤ እሱ ሲረግጥ አንተ ላይ። ዕቃ ስሰበስብ አየሁት። አስተካከልኩና ዝም አልኩ።»

«ዝም አልክ?»

«ሥራ ከገባሁ ዘጠኝ ቀኔ ነበር። ዋሴ ደግሞ አንተ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው አሰልጣኙ እሱን ስፕሪንተር፣ አንተን በር ከፋች አድርጎ ለጋዜጠኛ ተናገረ። ከዚያ አሸነፋችሁ። አሸነፋችሁ፣ አሸነፋችሁ... መቼ ልንገር?»

ከሁሉ አስቀድሞ በር ከፋቹ አፍ ላይ የመጣው ጥያቄ ራሱን አስገረመው።

«እህቴ ታውቃለች?»

መካኒኩ ጨርቁን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። «አንተ ቤት ስትመጣ እሷ አንድ ቦታ የማታርፈው ለምን ይመስልሃል?»

እውነት ነው። እህቱ እሱ ባለበት ተቀምጣ አታውቅም። ውሃ ታመጣለች፤ የተጠረገውን ጠረጴዛ መልሳ ትጠርጋለች፤ ትራስ ታስደግፈዋለች። ወንድሟን ስለምትወድ መስሎት ነበር የኖረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው «የኔ እህት እኮ ቁጭ ብላ አታስተናግድም» እያለ ሲኮራባት!

«ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ?»

«ከዛሬ በኋላ ብነግርህ ቀብር ላይ ይቅርታ መጠየቅ ይሆንብኛል።»

በር ከፋቹ ብስክሌቱን ከእጁ ነጥቆ ሄደ።

አምስት ሰዓት መንገድ ለሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ዳገቱን ሲወጡ «ውሸት ነው» አለ፤ ቁልቁለቱ ላይ አመነ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ አንድ ቀን የወጣ አንድ ቁጥር ሰውን ምን ያደርገዋል ብሎ ራሱን አጽናና። ያን ያህል ጉልበት ቢኖረኝ ራሴ አላውቀውም? እግሩ እኮ የገዛ እግሬ ነው!

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲቀር ድመቱ ጎኑ መጣና የቀረችውን ብስኩት ለሁለት ገምሶ አቀበለው።

«ወንድምዓለም፣ ዛሬ ካሸነፍኩ ላንተ ነው። መድረኩ ላይ እጠራሃለሁ።»

የድመቱ ፊት ላይ የተደበቀ ነገር አልነበረም። አያውቅም። በር ከፋቹ ይህን ሲያይ ጭራሽ ባሰበት፤ ቢጠላው በቀለለው። ብስኩቱን ሳያላምጥ ዋጠና ወሰነ፦ ዛሬ «ልቀቅ» ሲለኝ አልለቅም።

ከተማው ውስጥ ሲገቡ ሕዝቡ አጥሩን በመዳፉ ይደበድባል። ከፊታቸው የነበሩት ሁለት የቡድን ጓደኞች ተራ በተራ ፊት ሆነው ጎትተው፣ ጉልበታቸውን ጨርሰው፣ ወደ ጎን ወጡ። አራት መቶ ሜትር። አሁን ፊቱ ላይ ነፋስ ብቻ ነው። በግራው የበሬው ጎማ ድምፅ ይሰማል፤ በነፋሱ ውስጥ እየታገለ ነው፣ ልክ አሰልጣኙ እንዳለው።

እስከ ዛሬ የእሱ ሥራ መፍጠን አልነበረም፤ ኋላው ያለው ሰው በሚችለው ልክ መፍጠን ነበር። የድመቱን ትንፋሽ እያዳመጠ ይጨምራል፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ራሱን ይገታል። ያን ልክ የራሱ ልክ አድርጎት ኖሯል። ዛሬ አላዳመጠም። ከኮርቻው ተነስቶ ስድስት ዓመቱን ሁሉ ፔዳሉ ላይ ረገጠው።

ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ቀስ!»

የተሳሳተ መሰለው።

«ወንድምዓለም፣ ቀስ በል! ቀስ!»

ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ «ጨምር»፣ ስንት ጊዜ «ሂድ»፤ «ቀስ» ግን አንድ ቀን እንኳ። ጠዋት መካኒኩ የነገረውን ጆሮው ነበር የሰማው፤ አሁን እግሩ ሰማ። እውነት ነው! ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ! ሃምሳ ሦስቱንም ድል፣ አንድ በአንድ፣ በዚህ እግር ለሰው ሰጥቷል።

ሁለት መቶ ሜትር የሚለው ሰሌዳ አለፈ። «ልቀቅ»ን ጠበቀ። አልመጣም። ቃሉ ባይመጣም ትከሻው በለመደው ቦታ፣ ሳያማክረው፣ ወደ ግራ ዘመመ። ለቀቀ! አልለቅም ያለው ሰውዬ ማንም ሳይጠይቀው ለቀቀ። በቀኙ አጥር ሥር በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ማንም አልገባም።

በብብቱ ሥር አየ። አስፋልት ብቻ ነበር፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሩቅ፣ አንገቱን የደፋ ድመት። በጆሮው ሬዲዮ ውስጥ አሰልጣኙ ይጮሃል፦ «ድመቱ የት አለ? ማነው ፊት ያለው? ማነው እሱ?»

መዝመሙ አንድ ሜትር አስከፍሎታል። የበሬው ትንፋሽ አሁን ክርኑ ሥር ነው። ብስክሌቱን አቀናና እንደገና ተነሳ።

ነጩ የማብቂያ መስመር እየቀረበ ነው፤ ከፊቱ ማንም የለም። ከመስመሩ ማዶ መካኒኩ ጨርቁን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ያሸነፈ ሰው እዚያ ሲደርስ እጁን ያነሳል፤ ሃምሳ ሦስት ጊዜ ከኋላ ሆኖ አይቷል። እንዴት እንደሚነሳ ግን፣ ሁለቱም ባንዴ ይሁን አንዱ ይቅደም፣ አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም።