ጨረስኩ ያለችበት ዲስክ

ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማተሚያ ቤቱ ሰርቨር አብሮ አልተነሳም። የስድስት ዓመት መጽሐፍ ሁሉ በሆዱ ነው፤ ዛሬ የሚታተመው የመማሪያ መጽሐፍም ጭምር። ወረቀቱ ተጭኗል፣ ሠራተኛው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

ሰርቨሩን የምትጠብቀው ልጅ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ከቤቷ ሆና በኢንተርኔት ነው የምትሠራው። ሙያውን የተማረችው የተጣለ ኮምፒውተር ስትፈታ ስትገጥም ነው፤ ዲፕሎማ የላትም፣ ምላስ ግን አላት። ያስቀጠረቻት መጽሐፍ ጠራዧ አክስቷ ነች፣ «የእህቴ ልጅ ካበላሸች እኔን አባሩኝ» ብላ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ዋስትና አልረሳውም።

ያልነቃ ማሽን ውስጥ ከሩቅ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ደውላ አክስቷን ከመርፌና ከክሯ አስነሳቻት።

«እትዬ፣ ስክሪኑ ምን ይላል?»

«የሚያስነሳ ዲስክ አልተገኘም ነው የሚለው፣ ሥራ አስኪያጁ ያስመጣው ኢንጂነር እንዳነበበልኝ።»

«እሱ ደግሞ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ፍላሽ ይዞ ቆሟል። ዲስኩ ሞቷል፣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫን እያለ ነው።»

«እጁን ይሰብስብ! ትንፋሹን ሳያዳምጥ ሊቀብረው ነው?»

«ቀስ በይ፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነው፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ!»

«እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት...» አለ ኢንጂነሩ ከወዲያ።

«አምስት ዓመት ተምረህ መብራት ማየት አቃተህ? እትዬ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ዲስክ አለ። መብራታቸው ምን ዓይነት ነው?»

«ሁለቱም አረንጓዴ።»

«በል እንግዲህ! ሬሳ ዓይኑን ገልጦ ያያል?»

ይኼኔ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ገባ። «እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ ኢንጂነሩ ይጭናል። ዋሷም ቃሏን ታስታውስ።»

 

ልጅቷ አሰበች። ሁለቱ ዲስኮች መንትያ ናቸው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ታሞ፣ በአክስቷ እጅ አስወጥታ አዲስ አስገብታለች። ፋይሉ ሁሉ ተገልብጧል። ቡት ሎደሩ ግን፣ ያ ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከፋይሎቹ ጋር አይገለበጥም፤ ለብቻው ይጫናል። ጭናዋለች?

አልጫነችውም፤ ማሽኑ እስከ ዛሬ ጠፍቶ ስላልበራ አልታወቀባትም። የዚያን ቀን «በሃያ ደቂቃ ጨረስኩ» ብላ ለሥራ አስኪያጁ ለመጻፍ ነበር ጥድፊያዋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እንግዲያው ማሽኑ አዲሱን ዲስክ ያንኳኳል፣ የሚቀሰቅሰው ያጣል። ያልተቀየረው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ግን ቀስቃሹ አለ።

«እትዬ፣ አጥፍተሽ አብሪው። ገና ሲነሳ ኤፍ አሥራ ሁለት የሚለውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ንኪው።»

«ዝርዝር መጣ።»

«ሁለተኛውን ዲስክ ምረጪ።»

መረጠች። «ጽሑፉ ወደ ላይ እየሮጠ ነው። ማን እንደሚያሳድደው እንጃ!»

ማሽኑ ነቃ። ልጅቷ ከቤቷ ገባች፣ በአንድ መስመር ትእዛዝ ቡት ሎደሩን አዲሱም ዲስክ ላይ ጫነች፣ አስጠፍታ አስበራችው። ማንም ቁልፍ ሳይነካ ብድግ አለ። ለአራት ስምንት ጉዳይ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ዲስኩ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ» ብትል ያበቃ ነበር። ኢንጂነሩ ራሱ ይመሰክርላታል። ደግሞም ካፈርኩ አይመልሰኝ ከቤተሰቧ የወረሰችው ነው። ግን ነገ ያን ጤነኛ ዲስክ አውጥተው ይጥሉታል።

«ዲስኩ ደህና ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልጨርስ ጨረስኩ አልኩ።»

ኢንጂነሩ የደስታ ሳል ሳለ።

«ዋሷስ ምን ትላለች?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምን እላለሁ? እኔስ ገጽ ዘቅዝቄ አርባ መጽሐፍ ጠርዤ የለ? መልሼ ፈታሁት፤ ማን አባረረኝ? እሷም መልሳ ፈታችው። ዋስትናዬ እንዳለ ነው።» ቀጥላ ወደ ስልኩ፣ «አንቺ ግን ከእንግዲህ ‹ጨረስኩ› የምትይው እኔ ቆሜ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ገባሽ?»

የልጅቷ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። ማተሚያዎቹ መጮኽ ጀምረው ስለነበር የሚሰማትም አልነበረም።