ቀዩ፣ ግራጫውና ዳገቱ

እማማ ኦብሴ በዕድሜያቸው አህያ ሳይጭኑ ገዝተው አያውቁም። ለቡ መብራት ኃይል አስፋልት ዳር ካለው የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል መሸጫ ሲገቡም ልጃቸውን ቦናን ሁለት ጀሪካን እርጎ አሸክመው ነበር።

"ለሙከራ ጭነት ወተት አላባክንም፤ እርጎ ይበቃል" አሉት።

ሚኒባሶቹ ጀሪካን አንጭንም ካሉ ወዲህ የእማማ ወተት በሸክም ዳገቱን ወጥቶ ደንበኛ ቤት የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ሰዉ መጠበቅ ሰልችቶት ወደ ፌስታል ወተት እየዞረ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ላሞቹ የልኳንዳ ሲሳይ መሆናቸው ነው።

ሻጩ አዶኒያስ፣ ሱሪው እላዩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ጎረምሳ፣ ቀዩን ሞተር እያሻሸ ቀረበ።

"እማማ፣ ይሄ ስክሪን አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ ብሉቱዝ አለው።"

"ጉልበትስ?"

"አንዴ ቻርጅ ካደረጉት አዳማ ይደርሳል!"

"አዳማ ምን ልሠራ? እኔ የምልህ እዚያ ፊት ለፊት ያለውን ዳገት ነው።"

ቦና ዓይኑን ከቀዩ ላይ መንቀል አቅቶታል። ጥግ የቆመውን ግራጫ ሲያይማ ፊቱ ተኮማተረ። "እማዬ፣ ያኛው እኮ የእህል ወፍጮ ነው የሚመስለው።"

"ያቺን የምትወዳትን ሴናን ከኋላህ ልታስቀምጥ ነው ቀዩን ያማረህ። ወተቴን ደግሞ የት ልታስቀምጠው ነው? ጫን!"

ቦና ጀሪካኖቹን በቀዩ ግራና ቀኝ አንጠለጠለና መሪውን ያዘ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላው ተፈናጠጡ።

"ይወድቃሉ እማማ!" አለ አዶኒያስ።

"በቅሎ ያልጣለኝን ይሄ ይጣለኝ?"

ቀዩ ሜዳውን እየዘፈነ ፈሰሰ። ዳገቱ ወገብ ላይ ዘፈኑ ቀጠለ፤ ጎማው ግን ቆመ። እማማ ወርደው በእግራቸው ቀደሙና አናቱ ላይ ሆነው ጠበቁ። እየገፋ፣ ላቡን እያንጠባጠበ ለመጣው ልጃቸው "ድምፁስ ግሩም ነው! ለሠርግ እንከራየዋለን" አሉት።

ተመልሰው ጭነቱን ያዛወሩበት ግራጫው ግን አልዘፈነም። ኮብልስቶኑ ላይ አጥንታቸውን እያንገጫገጨ፣ አንዴም ሳይቆም አወጣቸው፤ አውርዶም መለሳቸው።

ቦና የአንዱን ጀሪካን ክዳን ከፍቶ አየና ፊቱ በራ። "እማዬ፣ ነይ እዪው! እርጎው ቅቤ አውጥቷል። ነገ ወተትሽንም እንዲህ ሊንጥልሽ ነው?"

እማማ አጎንብሰው አዩ። እውነቱን ነው። ቀዩ ዳገት አያወጣም፤ ግራጫው ወተት ይንጣል። አዶኒያስ አፉን በእጁ ሸፈነ። እማማ ኦብሴ መልስ ሲያጡ ለቡ አይታ አታውቅም፤ ዛሬም አላየችም።

"ከጀሪካኑ ሥር ስፖንጅ አንጥፍለታ!"

"ስፖንጅ ከየት?"

"እስከ ረፋድ የምትጋደምበት ፍራሽ አለ አይደል? ቅደደው። ከእንግዲህ በጠዋት ስለምትነሳ አያስፈልግህም።"

"ሴናስ ምን ትለኛለች?"

"በግራጫው ካልወደደችህ አዶኒያስን ታግባ። ዘፈኑ እሱ ጋ ነው የሚቀረው።"

ጀሪካኑን ወደ መዳፋቸው ዘንበል አድርገው ቅቤዋን ለቀሙ። አዲስ የተገዛች ላም ግንባሯን ቅቤ ሳትቀባ የእማማ ግቢ ገብታ አታውቅም። አዶኒያስ መወልወያውን ይዞ ሳይደርስ የግራጫውን የፊት መብራት ልቅልቅ አድርገው ቀቡት።

"ተወው አትወልውለው፤" አሉት፣ "የእኔ ነው።"