የጓድ ነገራ ቀይ መዶሻ

የቀበሌያችን የስብሰባ መዶሻ ባደረባት ስንጥቅ ስትሠቃይ ቆይታ፣ ጸጥታ በማስከበር ላይ ሳለች ለሁለት ተከፍላ በክብር መሰናበቷ ለጉለሌ ሰፊ ሕዝብ ይገለጻል።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ነገራ ግን ብዙም አላዘነም። ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በስጦታ ከመጣ የኮንጎ ግንድ ለቀበሌው አንዲት ጉማጅ ደርሳው ነበር። እሷን ታቅፎ ሸፊ ዘንድ ሄደ። ሸፊ እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጽ የቶርኖ ማሽኑ የወንበርና የአልጋ እግር እያወጣ የሚኖር ሰው ነው። ቶርኖው ከእሱ ተወስዶ ወደ ሙያተኞች ማኅበር እንዲዛወር ስለተወሰነ፣ የሚጭነው መኪና እስኪገኝ ነበር የሚጠበቀው።

«መዶሻዋን አሳምረህ ሥራት፤ የቶርኖውን ነገር እናየዋለን» አለው ነገራ።

ሸፊ ጉማጇን አስሮ መሮውን ሲያስጠጋ ደም የመሰለ ሰጋቱራ ተረጨ። እንጨቱ እስከ ልቡ ቀይ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ዘኪያ ጢሙን አይታ፣ «ሰው አርደህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችው።

ነገራ ግን መዶሻዋን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ተፈጥሮ ራሷ ነቅታለች፣ ተደራጅታለች!» ቶርኖው ባለበት ይቆይ ተባለ።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ በአዳራሹ መስኮት መግባት ስትጀምር መዶሻዋ ቡናማ ሆነች፤ ከዚያም ወደ ጥቁር አዘነበለች። ነገራ እየሮጠ መጣ።

«አሻጥር ነው! ቀዩን የት አደረስከው?»

«ውስጥ አለ። ላዩ ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል፤ የእንጨቱ ጠባይ ነው።»

«አብዮታዊ እንጨት ብርሃን አይፈራም!»

«እንግዲህ ለእሱ ንገረው።»

ሸፊ መዶሻዋን መልሶ ቶርኖው ላይ አሰራትና ስስ ሽፋን ገፈፈላት። እንደ አዲስ ቀላች። ነገራ ላቡን ጠረገ።

«በጠቆረች ቁጥር አመጣታለሁ። ይቺን ማሽን ማንም እንዳይነካት!»

የማኅበሩ መኪና መጣ፤ ባዶውን ተመለሰ። መዶሻዋ በተመላለሰች ቁጥር ቀላች፤ በቀላች ቁጥር አነሰች። የሎሚ ያህል ስትቀር ድምፅዋ ስለማይሰማ ነገራ በአፉ «ቋ! ቋ!» እያለ ያግዛት ጀመር። ወይዘሮ ብርነሽ ከኋላ ወንበር፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከቋቋው በኋላ ስኳሩ መቼ ነው የሚታደለው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከስብሰባው በኋላ አንድ ጓድ፣ መርካቶ ቀይ ቀለም በጣሳ እንደሚሸጥ ለነገራ ሹክ አለው። ነገራ በቀጥታ ሸፊ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ቀለም ብትቀባ ኖሮ አትጠቁርም ነበር፣ አይደል?»

«አትጠቁርም።»

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልቀባሃትም?»

ሸፊ የቶርኖውን ቺንጋ እያጠበቀ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አልቀባኋትም።»

«ለምን እኮ ነው የምልህ!»

«አልቀባኋትም አልኩህ እኮ። በቃ።»