የኒቭ ሞክሼ

"ልክ እንደዚህ አድርገህ ጻፍልኝ፤ አንዲት ፊደል እንዳትጎድል!" አለ ደጀኔ፣ ስልኩን በመስኮቱ በኩል እያሾለከ።

የቀበሌው የልደት መዝጋቢ ዓብዱልፈታሕ መነጽሩን አስተካክሎ ስልኩ ላይ ያሉትን አምስት የላቲን ፊደላት አንድ በአንድ ተመለከተ። "ኒ... ያ... ም... ህ" ብሎ አነበበ። "ንያምህ? ኦቦ ደጀኔ፣ ይሄ የሰው ስም ነው የመድኃኒት?"

ሰልፉ ላይ ያሉት ሣቁ።

"ኒቭ ነው የሚባለው። የአየርላንዶች የጥንት ስም ነው" አለ ደጀኔ እየኮራ። "ኤምና ኤች ጎን ለጎን ሲቆሙ ቪ ይሆናሉ።"

"ማሻአላህ! ታዲያ ቪ ከሆኑ ለምን ቪ ብለው አይጽፉም?"

"እኔም ከጧት ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው" አለች እስከዳር፣ ልጇን እንዳዘለች ከባሏ ኋላ ቆማ። ቅጹ የሚሞላው በላቲን ፊደል፣ የሚረዝመው አናባቢ ሁለቴ በሚጻፍበት በኦሮምኛው አጻጻፍ ነው፤ እንደሚነበበው ቢጻፍ ያየው ሰው ሁሉ ያነበዋል። እሷ አስተማሪ ናት። ስሙ በተጠራ ቁጥር ክፍሉ ስለሚሥቅበት "አቤት" ማለት የተወ ልጅ አስተምራለች።

"አንቺ ደግሞ!" አለ ደጀኔ። "የሰው ስም እኮ ነው፤ አይቆራረጥም።"

ዓብዱልፈታሕ የእናትየዋ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እንደሚጎድል ነገራቸው። ደጀኔ መታወቂያዋን ተቀብሎ መንገዱን ተሻገረ፤ ስልኩ ከመስኮቱ ተመልሶ እስከዳር እጅ ቀረ።

ከሦስት ወር በፊት፣ በምታስተምርበት በሪራ፣ ሃረና ደን ውስጥ፣ ምጡ ያለ ቀኑ ሲጀምራት መኪና አልነበረም። የደሎ መናው አውቶቡስ አልፏል። ሚኒባስ የሚነዳው ደጀኔም ስልኩን አያነሣም። የደረሰችላት፣ የመንደሩን ውሾች ልትከትብ የመጣች ኒቭ የተባለች አየርላንዳዊት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። በመኪናዋ ውስጥ በክትባት ሣጥኖቹ መካከል አስተኝታት የሳኔቲን አምባ በጉም ውስጥ አቋረጠች። መንገዱ ቀና ባለ ቁጥር አንድ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የእስከዳርን መዳፍ ትይዛለች። ከአማርኛ የምታውቀው "አይዞሽ" የምትለዋን ቃል ብቻ ስለነበረ፣ እስከ ጎባ ሆስፒታል በር ድረስ እሷኑ ስትደጋግም ሄደች። ሕፃኗ በደረሱ በሃያ ደቂቃ ተወለደች። ሴትዮዋ አቅፋት አለቀሰች፤ በሳምንቱም ወደ አገሯ ተመለሰች። ምንም አልጠየቀችም፤ ማንም ምንም አልሰጣትም። እስከዳር ተኝታ፣ ለሴትዮዋ የምትሰጠው ምን እንዳላት ስታስብ ሰነበተች። ያላት ስም ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቄሱ በክርስትና እኅተማርያም ያሏትን ልጅ ቤት ውስጥ ኒቭ አለቻት። አማቷ እትዬ የሺሃረግ "የፈረንጅ ስም!" ብለው ሳምንት አኮረፉ፤ እስከዳር ግን ንቅንቅ አላለችም።

ስልኩ እጇ ውስጥ ነዘረ። የሴትዮዋ ፎቶ ብቅ ሲል እስከዳር ደስ ብሏት ከፈተችው።

"ልቤ ተሰብሯል" ይላል መልእክቱ በእንግሊዝኛ። "ስንት ልላክ? ለእስከዳር አይዞሽ በልልኝ።" አይዞሽ የምትለዋ ቃል በላቲን ፊደል፣ ተንጋዳ፣ ተጽፋለች።

እስከዳር ጣቷን ወደ ላይ ሳበች። ደጀኔ ትናንት የላከው ነበር። የሕፃኗ ፎቶ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ክትባት ተወግታ አፏን ከፍታ ስታለቅስ የተነሣ። ከሥሩ፦ "ሞክሼሽ በረሃብ እያለቀሰች ነው። የእናቷ ጡት ነጥፏል። የዱቄት ወተት መግዣ አጣን። ስሟን ልክ እንዳንቺ አድርገን እናስመዘግባለን፤ ወረቀቱን እልክልሻለሁ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። 

ደጀኔ ፎቶ ኮፒውን እያርገበገበ ተመለሰ። "ይኸው፣ አለቀ!"

"ጡቴ የነጠፈው መቼ ነው?"

"ምን?"

"ጡቴ ነዋ! ትናንት ነው ዛሬ ጧት?"

ሰልፉ ላይ ያሉት ዞሩ። ደጀኔ ስልኩን አየ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ" አለች፣ ወደ ኋላ ተራ ይጠብቁ ወደነበሩት አሮጊት ዞራ፣ ሕፃኗን ካዘለችበት አውርዳ። "ይህቺ ልጅ የተራበች ትመስላለች?"

አሮጊቷ እማማ እታለማሁ አጎንብሰው አዩ። "ኧረ በምን ዕዳዋ! ጉንጯ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ! ቱ ቱ ቱ፣ ከዐይን ያውጣት።"

ደጀኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለጎማ ነው። የሚኒባሱ የኋላ ጎማዎች ሽቦ አውጥተዋል። ሮቤ ደርሼ እስክመለስ ነፍሴ አትኖርም። አንድ ቀን ሰው ጭኜ ሰው እፈጃለሁ። ለእሷ ምንም አይደለም እኮ፣ እስኩ!"

"ታዲያ ለምን ጎማ ብለህ አልለመንክም?"

"ለጎማ ማን ይሰጣል?"

"ስለዚህ በእኔ ጡት ለመንክ! በልጄ እንባ!" ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነችው። "አንዲት ፊደል እንዳትጎድል ያልከውም ለዚሁ ነዋ? ወረቀቱን ልትልክላት! ስም መሰለኝ እንጂ ለካ ደረሰኝ ነው የምታስጽፈው!"

"ስታየው ደስ ይላታል ብዬ..."

"ያን ቀን ስልክህን ስቀጠቅጠው የት ነበርክ? ሦስት ወር ሙሉ አልጠየቅኩህም። ዛሬም አልጠይቅህም። እሷ ግን ነበረች። የሰጠኋት ይህንን ስም ብቻ ነው፤ እሱንም አኮፋዳ አድርገህ ይዘኸው ዞርክ!"

ደጀኔ ፎቶ ኮፒውን አጣጥፎ በመስኮቱ አስገባ።

ዓብዱልፈታሕ ጉሮሮውን ጠረገ። "ማል ጎና እንግዲህ? ምን እናድርግ? እህቴ፣ እኅተማርያም ብዬ ልጻፈውና ጠቡም ይብረድ?"

እስከዳር ለአፍታ "እሺ" ልትል ነበር። ስሙ ከልጇ ላይ ተፍቆ ቢጠፋ፣ ነውሩም አብሮ የሚጠፋ መሰላት። ከዚያ ሌላ ንዴት ነደዳት። ያጠፋው እሱ፤ የምትባረረው ያቺ ሴትዮ!

"አይሆንም። ግን ብዕርህን አቆይልኝ። መጀመሪያ እሱ ይጽፋል።" ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። "እንካ።"

"ምን ብዬ?"

"ጡቷ አልነጠፈም፤ ልጅቷ ጠግባለች፤ የፈለግኩት ጎማ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ በል።"

"እሺ፣ ቤት ደርሰን..."

"እዚሁ!"

"ሰው እያየኝ?"

"ስትዋሽ ማንም አላየህም። አሁን ይይህ።"

"ጻፍ እንጂ ልጄ፤ እኛም ተራ አለን" አሉ እማማ እታለማሁ።

ደጀኔ ግድግዳውን ተደግፎ መጻፍ ጀመረ። አውራ ጣቱ እየተሳሳተ ያጠፋል፤ መልሶ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ቆመና ቀና ሳይል፣ "'ዋሸሁ' በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለ።

እስከዳር አራቱን ፊደላት፣ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ እንደምትለው፣ አንድ በአንድ ነገረችው። እስኪልከው ዐይኗን አልነቀለችም።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ኤን፣ ሁለት አይ፣ ቪ።"

"እንዲያ ከተጻፈማ ሴትዮዋ ስሟ መሆኑን አታውቀውም" አለ ደጀኔ፣ በደከመ ድምፅ።

"ልጄ የምትጠራው እዚህ ነው። የጎባ አስተማሪ ያንብበው፤ ይበቃኛል።"

የደጀኔ ስልክ ነዘረ። የሴትዮዋን ፎቶ ማያው ላይ አይቶ ለመክፈት ፈራ፤ ለእስከዳር ዘረጋላት።

"ለአንተ ነው የተጻፈው" አለች ሳትቀበለው። ግንባሯን ወደ መስኮቱ መስታወት አስጠግታ የዓብዱልፈታሕን ብዕር ትከተል ነበር፤ ሁለተኛዋን አይ እንዳይረሳት።