«ቁም» የምትለው መስመር

ፎቶ ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነው። ካሜራ ሲይዝ እጁ ወርቅ ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ ፎቶ መለየቱም፣ ማጽዳቱም የእሷ ጣጣ ነበር። አንድ በአንድ ስትለቅም ወገቧ ሲቆረጥ ጊዜ አጭር ስክሪፕት ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች ናቸው። «ጊዜያዊ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ ትርፍራፊውን ጠራርጎ ያጠፋል። ፎልደሩን ካጣው ግን ምንም ሳይነካ እንዲቆም አንድ መስመር ጨምራበታለች።

ጉንፋን ጥሏት ከርማ ስትመለስ የአንዲት ሙሽራ እናት ወንበር ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። የሰርጉ ፎቶ የለም።

«እህቴ በሠራችው ፕሮግራም ነው የጠፋው» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ።

ደሟ ፈላ። ሳትቀመጥ ስክሪፕቱን ከፈተችው። ያቺ መስመር የለችም።

«ይሄን ማን ነካው?»

«የፎልደሩን ስም ቀየርኩት። ከዚያ እየቆመ አስቸገረኝ፤ ቁም የሚለውን አወጣሁት።»

«እና ፎልደሩን ሲያጣ ራሱ ያለበትን ፎልደር ጠረገዋ። ያለበት ደግሞ የሰርጉ ፎልደር ነው። ሊያድንህ ሲቆም አፉን ዘጋህበት፣ አሁን ደግሞ እኔን ትከሳለህ።»

«ለኔ ማንም ያጥፋው» አሉ እናትየዋ በቀስታ። «ልጄን ምን ልበላት?»

ይሄኛው አንጀቷን በላው። የካሜራውን ካርዶች አስመጥታ ተጎልታ ፈለገች። የከሰዓቱ ሁሉ ተገኘ። የጠዋቱን ካርድ ግን ወንድሟ ለሌላ ሥራ ደምስሶ ቀርጾበታል፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የተነሳችው እዚያ ውስጥ ነበር።

ወንድሟ ወደ ጓዳ ጠራት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ክሱ በሰው ፊት፣ ይቅርታው በጓዳ? የከሰስከኝ እዚያ ነው፤ እዚያው ሄደህ ንገራቸው።»

ከዚያ ወጣና እናትየዋ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ያጠፋው እሱ መሆኑን፣ የጠዋቱም ፎቶ እንደማይመለስ ነገራቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው የተገኘውን ተቀብለው ወጡ።

«አሁንስ በቃሽ?» አላት።

«አልበቃኝም» አለችና ቦርሳዋን አንስታ በሩን ሳትዘጋ ሄደች።