ሽንኩርት የበቀለበት ቦርድ

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ከገባ ጀምሮ ጠብታ አልዘነበም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ደረቅ ነበር። ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ሲነጋ፣ የአቶ ደምለው የሽንኩርት ማሳ ቦርድ ሆኖ ተገኘ፤ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ ያለው ዓይነት አረንጓዴ ቦርድ። አፈሩ እንደ ጠረጴዛ ጠንክሯል። ቦዮቹ የመዳብ መስመር ሆነዋል። እያንዳንዱ ሽንኩርት በሁለት ቀጫጭን እግሮች ቆሞ፣ እግሮቹ በቀለጠ ቆርቆሮ ተበይደዋል። ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል።

ደምለው እንደ ልማዱ ውሃ ለቀቀ። ውሃው ላዩ ላይ ተንሸራቶ መንገድ ገባ። በዚህ ጊዜ፣ በከተማ ሬዲዮ የምትጠግነውን ልጁን ትርንጎን አስጠራ።

ትርንጎ የመኪና ባትሪ አሸክማ መጣች፤ ጫማዋን አውልቃም ማሳውን ዞረችው። ከዚያ አባቷን በሚገባው መንገድ አስረዳችው። መዳቡ ቦይ ነው፤ የሚሄድበት ኮረንቲ ነው። አረንጓዴው ቀለም መስመሮቹን ይከልላል፤ ያለቦታቸው ከተነካኩ ይቃጠላሉ። ሽንኩርቱ በአንድ እግሩ ተቀብሎ በሌላው ያሳልፋል። ባትሪውን ማሳው ራስ ላይ አሰረችው።

«ለቀቅሽው?»

«ለቅቄዋለሁ።»

«የታለ ታዲያ?»

«አባዬ፣ ይሄ እንደ ውሃ ሄዶ አይቀርም። ዞሮ ወደተነሳበት ካልተመለሰ ንቅንቅ አይልም።»

የመመለሻው መስመር በጎረቤቱ በሙሉሰው ማሳ ያልፋል። ድንበሩ ላይ አንድ እርምጃ ያህል ተቆርጧል። በዚያ ቀበሌ የተጣላ ሰው የጋራውን ቦይ በዶማ ቆርጦ ዝም ይላል፤ ደምለው ከቆረጠው ሦስት ዓመቱ ነው። ትርንጎ ሽቦ ዘረጋችበት። መስመሩ ሽቦውን አልተቀበለም።

«የቆረጠው ሰው ነው፤ የሚያገናኘውም ሰው ነው» አለች።

ደምለው እጁን አገላብጦ አየ። «ሰው ኮረንቲ ያሳልፋል?»

«ያሳልፋል።»

ሙሉሰው ከወዲያ ማዶ በራሱ የጠወለገ ሽንኩርት መሃል ቁጢጥ ብሏል።

«መቁረጡንማ ታውቅበታለህ» አለ።

«እጅህን አምጣ» አለው ደምለው።

«እስከ መቼ?»

«ሽንኩርቱ እስኪደርስ።»

ሙሉሰው ሁለት ወር መሆኑን አሰላ። ለደቦ በዛ ብሎ አጉረመረመና ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። ሁለቱም በየመዳባቸው ቆመው ተጨባበጡ። ከማሳው ራስ ጀምሮ ሽንኩርቶቹ ተራ በተራ ቀይ ብርሃን አበሩ። ቅጠሎቹ ቀና አሉ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየች። የአባቷን ባዶ እግሮች፣ እንደ ሽንኩርቶቹ እግር፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ዙሪያቸውን በይዷቸዋል። ደምለውም አየው። ጋቢውን በግራ እጁ ትከሻው ላይ አስተካከለ፤ የሙሉሰውን እጅም አጥብቆ ያዘ።