ጥቁር የሌለባት ምጽዋ

ቀጸላ በሞተ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ተዝካሩ በወጣ ማግስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በምጽዋ ማስታወቂያ ውስጥ ታየ።

ማስታወቂያው ፒያሳ፣ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ በር ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሃያ ዓመት ተሰቅሎ ቆይቷል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ባሕር፣ በመካከሉ በረንዳቸው ቅስት የሆነ ነጫጭ ቤቶች አሉበት። ከአንዱ በረንዳ ፊት አንዲት ሴት ቢጫ ጥላ ይዛ ተቀምጣለች። ከግርጌው «ምጽዋ፤ ባሕሩ እርስዎን ይጠብቃል» ይላል። ሥዕሉን የሠራው ቀጸላ ራሱ ነበር፤ በወጣትነቱ፣ የማስታወቂያ ሠዓሊ ሳለ። ስለዚህ የሚያውቁት ሰዎች እዚያ ውስጥ ሲያዩት ብዙም አልገረማቸውም።

ወሬውን ለሚስቱ ለአስካለ ያመጣችላት ጎረቤቷ ብዙነሽ ናት።

«ባልሽን አየሁት» አለቻት።

«የት?»

«ፒያሳ። ማስታወቂያው ውስጥ። ደህና ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ወፍሯል።»

«ብቻውን ነው?»

ብዙነሽ ጣራ ጣራውን አየች። «እንግዲህ እኔ ነገር አመላላሽ አይደለሁም» አለች። እንዲህ ባለች ቁጥር የምታመላልሰው ነገር አይታጣም።

አስካለ ምጽዋን አይታ አታውቅም። ቀጸላ ሥዕሉን ሊሠራ ለሦስት ሳምንት ወደዚያ ሲሄድ ገና ሙሽራ ነበረች፤ ይዘኸኝ ሂድ አለችው። «ሙቀቱ አይስማማሽም» አላት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ትጠይቀዋለች፤ በየዓመቱ ሙቀቱ አይስማማትም። የከለከላት ሙቀቱ ይሁን ባለ ቢጫ ጥላዋ ሴት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታሰላስል ኖረች። ቀጸላ ይህንን ሳይነግራት ሞተ። አርባ ቀን ያለቀሰችው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለመሞቱና ሳይነግራት ለመሞቱ።

ወደ ፒያሳ ሄደች። ቀጸላ በረንዳው ፊት፣ ከሴትየዋ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ የሎሚ ጭማቂ ይጠጣል። የለበሰው ነጭ ሸሚዝ አስካለ የተኮሰችው አይደለም፤ እሷ እጅጌ ላይ መስመር አታወጣም። ፀጉሩ ደማቅ ሰማያዊ ሆኗል። የሴትየዋም ፀጉር ደማቅ ሰማያዊ ነው። ማስታወቂያው የታተመው በሦስት ቀለም ብቻ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ በመሆኑ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም።

የቢሮው ሠራተኛ ማሞሸት የሚባል ትሑት ሰው ነበር። ለአስካለ ወንበር አመጣላት።

«ይህ ሰውዬ ማን ፈቅዶለት ገባ?» አለችው።

«ሠዓሊው ናቸው፤ ፈቃድ አይጠየቁም።»

«ባሌ ነው።»

«አውቃለሁ። ነፍስ ይማር» አለ ማሞሸት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስካለ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከማስታወቂያው ፊት ትቀመጥ ጀመር። ከትልቁ ሥዕል ግርጌ የከተማይቱን መስሕቦች የሚያሳዩ አራት ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል። ሰኞ ዕለት ቀጸላና ሴትየዋ ከመጀመሪያው ሥዕል ውስጥ፣ ወደ ታውሉድ ደሴት በሚያሻግረው የባሕር መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ታዩ። ማክሰኞ የጨው ክምር አጠገብ ቆመው ነበር። ረቡዕ ባለ ሸራ ጀልባዎቹን ጎበኙ፤ ሐሙስ ዕንቁ ፍለጋ ባሕር የሚጠልቁት ሰዎች ደሴት ላይ ዋሉ። አስካለ አንድ በአንድ ተከታተለች። ይህ ሰው ጉልበቴን እያለ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቶ ነበር። አሁን ግን ደሴት ለደሴት ይዞራል። ለሴትየዋ ጥላውንም የያዘላት እሱ ነው። አስካለ በትዳር ዘመኗ ከገበያ ስትመለስ ቀጸላ ዘንቢል ተቀብሏት አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ማሞሸትን «አውጣልኝ» አለችው።

«ማውጣት አንችልም። መግባት ግን ይቻላል፤ ቲኬት ቆርጠው መጎብኘት ነው።»

«ምጽዋን?»

«ይህችኛዋን» አለ፣ በብዕሩ ወደ ሣጥኑ እያመለከተ። ከዚያም ከራስ ነጠላዋ እስከ እግር ጫማዋ ተመለከታትና አቀረቀረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንዲህ እንዳሉ ግን አይገቡም። እዚያ ጥቁር የለም።»

አስካለ ጥቁር ከለበሰች ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ወጉ ዓመት ነው። ወደ ቤቷ ተመለሰችና ከሣጥኗ ውስጥ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ አወጣች። ብዙነሽ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«አፈሩ ሳይደርቅ!»

«እዚያ ምንም አፈር የለም» አለች አስካለ። «ባሕር ነው።»

ጥቁር ልብሷን አጣጥፋ የማሞሸት ወንበር ላይ አኖረችው። ማሞሸት የሣጥኑን በር በትንሽ ቁልፍ ከፈተላት፤ ከገባች በኋላም ከኋላዋ ዘጋው።

ውስጡ አይሞቅም፤ አይበርድም። ባሕሩ ድምፅ የለውም፤ የሚሸተውም ጨው ሳይሆን የማተሚያ ቀለም ነው። አስካለ ቆም ብላ ሁሉንም በደንብ አየች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«መጣሽ?» አለ ቀጸላ።

«መጣሁ። ሙቀቱ የታል?»

ቀጸላ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «እሱን አልሣልኩትም» አለ።

«ይህችስ ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም። ባዶ ወንበር ለማስታወቂያ አይሆንም ተብሎ ነው፤ ሰው አስፈለገ።»

«ሰው ካስፈለገ እኔ አልነበርኩም?»

«አንቺማ እቤት ነበርሽ» አለ።

አስካለ ወደ ሴትየዋ ዞረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሃያ ዓመቷ ነው። ሴትየዋ በሥርዓት ያደገች ልጅ ትመስል ነበር፤ ፈገግ ብላ «ይቀመጡ፣ እትዬ» አለቻት።

«እንዴት ልቀመጥ? አንቺ ተቀምጠሽበት!»

«እውነትዎን ነው።»

«ተነሺ እንግዲያ።»

ሴትየዋ ተነሣች። ጥላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «የት ልሂድ?» ብላ ጠየቀች።

አስካለ ይህን አላሰበችበትም ነበር። የቀጸላ ዘመዶች በማግስቱ ከመንዝ ለቅሶ ሊደርሱ እንደሚመጡ ትዝ አላት። ተዝካሩ በመንገድ መበላሸት ያመለጣቸው ናቸው። የሐዘን ቤት ባዶውን አይገኝም።

«ቤቴ ሂጂ» አለቻት። «ጥቁር ልብሴ ሠራተኛው ጋ አለ። ልበሺውና ፍራሹ ላይ ቁጭ በይ።»

«ሰዎቹ ሲመጡ ምን እላለሁ?»

«ምንም። እግዜር ያጥናሽ ሲሉሽ አንገትሽን ትደፊያለሽ።»

«ሟቹን አውቀዋለሁ?»

«ታውቂዋለሽ» አለች አስካለ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደስ አላላትም።

ማሞሸት ከፈተላት። ሴትየዋ ጥቁሩን ለበሰች፤ ልኳ ሆነ። መንገዱን ጠይቃ ወጣች።

የመጀመሪያው ቀን አስካለ ስትመኘው የኖረችው ቀን ነበር። ቀጸላ ጥላውን ያዘላትና በባሕሩ መንገድ ላይ አብረው ሄዱ፤ ሸራ ባላት ጀልባም አሳፈራት። ጨው እንዴት እንደሚደርቅ አስረዳት። ዕንቁ ጠላቂዎቹ አንድ ዛጎል ሰጧት፤ ባዶ ቢሆንም ተቀበለች። «አሁን እንግዲህ አየሁት» አለች ለራሷ።

በሁለተኛው ቀን ቀጸላ ጨው ክምሩ ጋ ሲደርሱ «እሷ እዚህ ጋ ስትሆን ጫማዋን ታወልቅ ነበር» አለ። አስካለ ጫማዋን አወለቀች። «የለም፣ አታውልቂ፤ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው» አላት። ጀልባው ላይም እሷ ወደ ኋላ ትቀመጥ እንደነበር ነገራት። አስካለ ከፊት ተቀመጠች። ማንም አይደለችም የተባለችው ሴት ጫማና መቀመጫ አላት ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ብዙነሽ መጣችና መስታወቱን በመዳፏ መታችው።

«አንቺ አስካለ! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ። ምነው?»

«ይህች የላክሻት ልጅ!»

«ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች፣ ታለቅሳለች እንጂ! የመንዝ ሰዎች እንዲህ የምታለቅስ ሚስት አይተን አናውቅም ብለው ሄዱ። ፊቷን ነጨችው እኮ፤ ነጠላው ሁሉ በእንባዋ ሰማያዊ ሆነ። አንቺ መች እንዲህ አለቀስሽ? አንቺ እያለቀስሽ በአንድ ዓይንሽ ድስቱን ትጠብቂ ነበር።»

«ተመለሺ ብላሻለች በያት። እኔ ልወጣ ነው።»

«ብያታለሁ፤ ሳልላት የቀረሁ መሰለሽ? ‹ዓመቱ ሳይሞላ ጥቁሬን አላወልቅም፤ ሰው ምን ይለኛል?› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን ትበል?» ብዙነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዕድሩ ሴቶች የቀጸላ ሚስት ነው የሚሏት። እኔ ያንቺን ስም ላስታውሳቸው ሞክሬ ነበር፤ እሷ አጠገብ ተቀምጦ ሌላ ስም ማንሣት ግን ነውር ሆነ።»

ቀጸላ መጠጡን አስቀመጠ።

«ለእኔ ነው የምታለቅሰው?» ብሎ ጠየቀ።

«ታዲያ ለማን ይሆናል? ስምህን እየጠራች ነው። ድምፅዋ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል» አለች ብዙነሽ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለቅሶ ቤት ልመለስ ብላ ሄደች።

አስካለ በሩን ለማስከፈት ወደ ሣጥኑ ጠርዝ ሄደች። ማሞሸት በትሕትና አዳመጣት።

«ወጥተው የማን ሆነው ይቀመጣሉ?» አላት። «ሐዘኑ ተይዟል።»

አስካለ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ቢያንስ ወንበሩ የእሷ ነው። ቀጸላ ግን በራሱ ወንበር ላይ አልነበረም። ድምፅ የሌለውን ባሕር ተሻግሮ ወደ ፊት፣ መንገዱ ወደሚታይበት መስታወት ሄዷል። ሁለት እጆቹን ከግራና ቀኝ አድርጎ ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል፤ የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ና ቁጭ በል» አለችው። «ጀልባዋ ልትሄድ ነው።»

አልዞረም። ጀልባዋ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ማሞሸት ቢሮውን ሲከፍት በሰው ቁመት ልክ መስታወቱ ላይ የትንፋሽ ጉም አገኘ። ጨርቅ አምጥቶ መጥረግ ጀመረ። አስካለ ከተቀመጠችበት ጨርቁ ከባሏ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ታያለች። ማሞሸት እፍ እያለ ደጋግሞ ወለወለው። ጉሙ ከውስጥ በኩል ነበርና ቀስ እያለ ሰፋ።